ስልኩ «እርስዎ» ብሎ መጠየቅ ከጀመረ ወዲህ

ዛሬ ስለ ስልክ ልናወራችሁ ነው። «ደግሞ ስለ ስልክ!» እንደምትሉ እናውቃለን። ልጆቻችንን ከገበታም ከጨዋታም የነጠቀብን ዕቃ ስለሆነ ስሙ ሲነሳ ደስ አይለንም። ቢሆንም ካለፈው ፋሲካ ወዲህ፣ እዚህ አሚሻቭ ውስጥ ቡና አብረን የምንጠጣ ስምንት ሰዎች፣ አምስት ሴትና ሦስት ወንድ፣ በዚሁ ስልክ ላይ የየዕለቱን ነገራችንን ምልክት ስናደርግ ቆይተናል። ያየነውን ብንነግራችሁ ለአንዳንዳችሁ ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ስልክ ላይ የሚጫን መዝገብ ነው፤ ልጆቹ «አፕሊካትስያ» ይሉታል። በየቀኑ ማድረግ የምትፈልጉትን አንድ በአንድ ትጽፉበታላችሁ፦ መድኃኒት መውሰድ፣ መራመድ፣ ስኳር መለካት፣ ውሃ መጠጣት። ያደረጋችሁ ቀን በጣታችሁ ስትነኩት ምልክት ይሆናል፤ ያላደረጋችሁ ቀን ባዶ ይቀራል። ወሩ ሲያልቅ እንደ ጥልፍ ተደርድሮ ይታያል፣ የቱ ጋ እንደሞላ፣ የቱ ጋ እንደጎደለ። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም። ማንበብ የማይችል ሰውም አይቸገርም፣ ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱን ቀለም መስጠት ይቻላል፤ ቀዩ መድኃኒት፣ አረንጓዴው መንገድ። እኛ የያዝነው «ሉፕ» የሚባለውን ነው። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ስም አስገቡ ኢሜይል አስገቡ አይልም። አይፎን ላይ ግን የለም። ከልጇ አይፎን የወረሰች አንዲት እህታችን ስለዚህ ማቀዝቀዣዋ ላይ በለጠፈችው የቁፓት ሆሊም ቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክሪብቶ ታደርገዋለች። እውነቱን ለመናገር ከሁላችን የእሷ ነው የሚያምረው።

ለምን ጀመራችሁ ካላችሁን፣ በስኳር በሽታ ምክንያት ነው። ከስምንታችን አምስቱ ስኳር አለብን። አገር ቤት ሳለን እኮ የስኳር በሽታ የሚባል በየመንደራችን የተሰማ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ውሃው ሩቅ ነበር፣ ገበያው ሩቅ ነበር፣ እንጀራው ጤፍ ወይም ዘንጋዳ ነበር፣ ቡናውም በጨው ይጠጣ ነበር። እዚህ ስንመጣ ሁሉም ተገላበጠ። አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ዳቦው ነጭ ነው፣ ጤፍ ውድ ስለሆነ እንጀራችንን በስንዴና በሩዝ ዱቄት እናበዛዋለን፣ ቡናው ሦስት ማንኪያ ስኳር ይገባበታል። ሐኪሞች ገና እ.ኤ.አ. በ1988፣ በዘመቻ ሙሴ የገቡት ወገኖቻችን ጥቂት ዓመት ሳይሞላቸው፣ ስኳር በወጣቶቻችን ላይ ሳይቀር መብዛቱን በሕክምና መጽሔት ጽፈው ነበር። በ1998 ደግሞ ሐደራ በሚገኘው ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዓናት ያፌ «ቴኔ ብሪኡት» የሚባለውን ድርጅት የመሠረቱት ይህንኑ የእኛን ችግር አይተው ነው። «ቴኔ» በዕብራይስጥ ቅርጫት ማለት ነው፤ ለእኛ ጆሮ ደግሞ «ጤና» ይመስላል፣ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። እንግዲህ ነገሩ አዲስ አይደለም። ብዙ ተመክረናል፣ ብዙ ወረቀት ተሰጥቶናል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ምክር የጎደለን አይመስለንም። የጎደለን ሌላ ነው። ሮፌው ጋ ስንገባ «እንዴት ነዎት?» ይለናል። እኛ ምን እንላለን? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» አስተዳደጋችን ነው። ሰው «እንዴት ነህ» ሲል ሕመሙን የሚዘረግፍ ሰው ነውረኛ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ታላቅን ሰው፣ ሐኪምንም ጭምር፣ «አይ፣ ያዘዝከኝን አላደረግሁም» ማለት ደግሞ መድፈር ነው። ሮፌው «መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» ይላል፤ «እወስዳለሁ» እንላለን። ሰባት ደቂቃ አልቆ በሩ ይከፈታል፣ የሚቀጥለው ቶር ከሦስት ወር በኋላ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሐኪሙ በጨዋነት የተባለውን «ደህና ነኝ» እንደ እውነት መዝግቦ ይይዘዋል። ይሄ ነው ያሳሰበን። እኛ መናገር የሚከብደንን ነገር የሚናገር አንድ ነገር በእጃችን ይኑር ነው ያልነው።

የጫኑልን ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ናቸው፣ በአንድ ሰንበት ማታ፣ ሻባት ከወጣ በኋላ። መጀመሪያ የመጣው ጣጣ የሰዓቱ ነው። አንድ አባታችን የልጅ ልጃቸውን «አንድ ሰዓት ላይ አስታውሰኝ» አሉት። ልጁ በእስራኤል ሰዓት አንድ ሰዓት ብሎ ሞላው። ስልኩ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጮኸና ቤቱን በሙሉ ቀሰቀሰ። ሴትዮዋ ከጎንደር የሞት መርዶ የመጣ መስሏቸው ተነሥተው ተቀመጡ። የዕድሜ ልክ ኢትዮጵያዊ ሰዓታችንን አሁን አንለውጥም፤ ስለዚህ ለልጆቹ «ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት ሰባት ማለት ነው» ብለን ወረቀት ላይ ጽፈን ሰጠናቸው። እናንተም ብትጀምሩ ይህችን ወረቀት ቀድማችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው የአነጋገር ነገር ነው። ይህ መዝገብ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ጥያቄ እንድትጽፉበት ቦታ አለው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ያንን ጥያቄ ያወጣዋል። የልጅ ልጅ በሚችለው አማርኛ «መድኃኒት ውሰድ» ብሎ ጻፈ። እናታችን ስልኩን አንሥተው አነበቡና «ማንን ነው የሚያዘው ይሄ? ደግሞ እኔ ወንድ ነኝ?» አሉ። ሳቅን፣ እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሦስት ቀን አልነኩትም። ልጅቱ ቁጭ ብላ ከአያቷ ጋር ተነጋግራ «እማማ፣ መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ብላ ቀየረችው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጠይቃቸው «አዎን ልጄ» እያሉ ነው የሚነኩት። ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በአርባ ዓመት ውስጥ በዕብራይስጥ ስንት ትእዛዝ ሰምተናል፦ ፈርሙ፣ ጠብቁ፣ ነገ ኑ፣ ስኳር አትብሉ። በገዛ ቋንቋችን፣ በክብር የተጠየቅነው ጥያቄ ግን ጥቂት ነው። ያቺ ልጅም «እርስዎ» የሚለውን አጻጻፍ የተማረችው በዚያው ቀን ነው፤ ይህኛው ትርፍ ማንም ያልጠበቀው ነበር።

ሦስተኛው ሰንበት ነው። በሰንበት ስልክ አንነካም። መዝገቡ ደግሞ ያልተነካ ቀን ሁሉ ለእሱ ባዶ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ቀን ሞልቶ ሰባተኛው ላይ ጎደለ፤ አንድ ወንድማችን «ይሄ ዕቃ ሰንበትን እንደ ኃጢአት ነው የሚቆጥረው» ብሎ ሊያጠፋው ነበር። መፍትሔ ግን አለው። ለመንገድ ለመሳሰለው «በሳምንት ስድስት ጊዜ» ብሎ መሙላት ይቻላል፤ ያኔ ሰባተኛው ቀን ባዶ ቢሆንም ሰንሰለቱን አይበጥስም። መድኃኒት ግን በሰንበትም ይዋጣል፤ እሱን ሰንበት ሲወጣ ወደኋላ ሄደን ምልክት እናደርጋለን። የሚገርመን አንድ ነገር ነው፦ በሳምንቱ ውስጥ ረጅሙን መንገድ የምንሄደው በሰንበት ነው፣ ወደ ምኩራብ፣ ከዚያ ወደ ዘመድ ቤት፣ ማታ ወደ ቤት። ስልኩ ቤት ስለሚቀር አንድም እርምጃ አይቆጠርልንም። ይሁን።

መቁጠር ለእኛ አዲስ አይደለም እኮ። አባቶቻችን ቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ሳይሰቅሉ ሰባተኛዋን ሰንበት ለይተው ያከብሩ ነበር፤ ሰባት ሰንበት ቆጥረው፣ አንድም ሳያዛንፉ። ከአስተስርዮ ጀምሮ 50ኛውን ቀን ቆጥረው ስግድ ይወጡ ነበር፤ ያንን ቆጠራ ይዘን መጣን፣ ስግድም በ2008 በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል ሆነ። ቄሶቹ ነበሩ የሚቆጥሩት፣ መንደሩ ግን በሙሉ ስንተኛው ላይ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ የረሳ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ለብቻ የሚያስቆጥር ዕቃ ሆኖ ነው የተሠራው። እኛ ግን እሑድ እሑድ ቡናው ሲፈላ ስልኮቻችንን አውጥተን እንተያያለን። «ማክሰኞ ምነው?» ይባላል። «ልጅቱ ታማ የልጅ ልጅ ስጠብቅ ዋልሁ» ይባላል። አበቃ፣ ማንም አይቆጣም። በእኛ ግምት ሥራውን የሠራው ይህ የእሑድ ቡና ነው። ብቻዋን የሞከረች አንዲት ጎረቤታችን በሦስተኛው ሳምንት ተወችው፤ ኋላ ላይ ቡናው ላይ መጥታ እንደገና ጀመረች።

ስለ እርምጃም እንንገራችሁ። ልጆቻችን «በቀን 10 ሺህ እርምጃ» ይላሉ። ከመካከላችን ጉልበቷን የምትታመም እህት አለች፤ በአራተኛ ፎቅ ትኖራለች፣ ሕንፃው አሮጌ ነው፣ ማዓሊት የለውም። 10 ሺህ ስትባል «ተዉኝ፣ ሱዳን ድረስ በእግሬ ሄጄአለሁ፣ ያ ይብቃኝ» አለች። መልሷ ልክ ነው እንላለን። ቁጥሩን ስናጠያይቅ የመጣው ከሐኪም ሳይሆን ከነጋዴ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ ወጣ፣ ስሙ «ማንፖ ኬ»፣ ትርጉሙ «የ10 ሺህ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ቁጥሩ ከዚያ ስም ተነሥቶ ዓለምን ዞረ። በ2019 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶችን ተከታተለ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 ነበር። በቀን 4,400 ያህል የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት ይልቅ በጥናቱ ዓመታት የሞቱት ጥቂት ነበሩ፤ ከ7,500 ካለፈ በኋላ ግን ብዙ ልዩነት አልታየም። ይህን ለእህታችን ነገርናት። 4,400 ለእሷም ይደረስበታል፤ ጠዋት ሙቀቱ ሳይመጣ ወደ ሱቅ፣ ማታ ፀሐይ ሲበርድ ከእኛ ጋር በሰፈሩ ዙሪያ። መንገዱን የምናደርገውም ከእራት በኋላ ነው፣ ምግብ በልቶ መራመድ የደሙን ስኳር ዝቅ ያደርጋል። አሁን ማታ ማታ ነጠላ ለብሰን በረድፍ ስንሄድ ያዩን ልጆች «ሰልፍ ነው?» ይሉናል።

ልማድ ለመሆን ስንት ቀን ይፈጃል የሚለውም ጭቅጭቅ አስነሥቶ ነበር። ሰው ሁሉ 21 ቀን ይላል። ለንደን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 ያሳተሙት ጥናት ግን በአማካይ 66 ቀን ነው ይላል። በዚያም ላይ ሰው ከሰው ይለያያል፤ አንዱ በ18 ቀን፣ ሌላው በ254። ውሃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። ደስ ያለን ሌላው ግኝታቸው ነው፦ አንድ ቀን ማቋረጥ ነገሩን አያፈርሰውም። የእኛም መዝገብ እንዲሁ ነው፣ አንድ ቀን ቢጎድል ጥቂት ዝቅ ይላል እንጂ ወደ ዜሮ አይመልስም። ሁሉም እንዲህ አይደለም ታዲያ። ልጆቻችሁ ስናፕቻት ላይ ከጓደኛቸው ስም አጠገብ የእሳት ምልክትና ቁጥር አለቻቸው። አንድ ቀን ካለፈች ትጠፋለች። ልጃችሁ ለጉዞ ስትወጡ፣ ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ሳይቀር ስልክ ካልሰጣችሁኝ ብሎ የሚያለቅሰው ለምን እንደሆነ ያልገባችሁ ካላችሁ፣ ለዚያች እሳት ነው። እኛ ይህን ያወቅነው የራሳችንን ምልክት ከያዝን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከልጆቹ ጋር የምንከራከረው በሌላ ቃል ሆኗል። «ስልክህን ዝጋ» ማለት ቀርቶ «እሳትህ ስንት ደረሰ? ብትጠፋስ ምን ይሆናል?» ብለን እንጀምራለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከመካከላችን ከሰባ ዓመት ያለፉ እናት አሉ። የሦስት ወር ስኳራቸው በየምርመራው ይጨምር ነበር። ሮፌው ወጣት ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ «እንክብሉ አልሠራም፣ ኢንሱሊን መርፌ እንጀምራለን» አለ። እናታችን መርፌ ማለት የመጨረሻው ደረጃ ነው ብለው ያምናሉ፤ በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፣ ትክክል ባይሆንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አላቸው። ልጃቸውን ጠርተው ስለ ቀብራቸው ተናገሩ። እሑድ ቡና ላይ ሲመጡ ስልካቸውን የልጅ ልጃቸው ይዛ ነበር። የሁለት ወሩን ምልክት በጣቷ እየገፋች ስታይ ቆየችና «ሳፍታ፣ ሰኞና ሐሙስ ለምንድን ነው ባዶ የሚሆነው?» አለቻቸው። ሁላችንም አየን። ቀዩ ቀለም ተደርድሮ ሰኞ ላይ ክፍት፣ ሐሙስ ላይ ክፍት፣ እንደገና ሰኞ፣ እንደገና ሐሙስ። የተዘናጋ ሰው መዝገብ እንዲህ አይጎድልም። እናታችን ዝም አሉ። ከዚያ «ጾም ነው» አሉ። እናታቸው ያስለመዷቸው ጾም ነው፣ ከመንደራቸው ይዘውት የመጡት። በባዶ ሆድ እንክብሉን ሲውጡ ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እያላባቸው አንድ ቀን ወድቀዋል፤ ስለዚህ በጾም ቀን ይተዉታል። ማታ ሲፈታ ደግሞ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበላሉ።

ለሮፌው አንድም ውሸት አልነገሩትም። «መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» ነው የተባሉት፣ ይወስዳሉ። የትኛውን ቀን ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ስለ ጾም ለባዳ ሰው መናገር ደግሞ ጾሙን ማርከስ ይመስላቸዋል።

ቶር እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ነበር። የልጅ ልጃቸው ያንን ሥዕል በወረቀት አወጣችላቸው፣ አማርኛ የምታውቅ መጋሼሬት እንድትገኝም አስቀድማ ጠየቀች። ይህ መብታችሁ ነው፣ ልጆቻችሁን ለአስተርጓሚነት ከትምህርት ቤት አታስቀሩ። እናታችን ገብተው ተቀመጡ፣ ሮፌው «እንዴት ነዎት?» አለ፣ «ደህና ነኝ» አሉ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሮፌው ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ መጋሼሬቷ ዞሮ «በነዚህ ቀናት ምን አለ?» አለ። በዓመታት ውስጥ የመጀመሪያው ትክክለኛ ጥያቄ ይህ ነው ብለን እናምናለን። አልተቆጣቸውም። ያ እንክብል ያለ ምግብ ከተዋጠ ስኳርን ከመጠን በታች እንደሚያወርድ፣ መውደቃቸውም ከዚያ እንደሆነ፣ ነገር ግን ለብቻ መወሰን እንደሌለባቸው ነገራቸው። እንክብሉን በሌላ ዓይነት ቀየረላቸው፣ ሰዓቱን አስተካከለ፣ መርፌውንም ለጊዜው አቆየው። ስለ ጾሙ ከቄሱ ጋር እንዲነጋገሩ ለመናቸው። ሄዱ። ቄሱ ምን እንዳሏቸው የእሳቸውና የቄሱ ነገር ነው፣ አልጠየቅናቸውም። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ ስኳራቸው ወርዷል፣ መርፌውም እስከ ዛሬ አልተጀመረም። ቢጀመርም ደግሞ መርፌ ሞት አይደለም፤ ከስምንታችን ሁለታችን እንወጋለን፣ ይኸው ቡና እንጠጣለን።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳትቀንሱ እንዳትጨምሩ። ምልክቱ ለሮፌው የሚታይ ነው እንጂ ሮፌ አይደለም።

ሁሉ ነገር ይመዘገባል ወይ በሚለው ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። አንዲት እህት «ጸሎት» ብላ ጨመረችበት። አንድ ሽማግሌያችን «ጸሎት ከፈጣሪ ጋር ነው፤ እንክብል ነው እንዴ ምልክት የሚደረግበት?» ብለው ተቆጡ። እሷም «እረሳለሁ፣ ካልተጠየቅሁ እረሳለሁ» አለች። ግማሾቻችን በአንደኛው፣ ግማሾቻችን በሌላው ቆምን። እሷ ይዛዋለች፣ እሳቸው አሁንም ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ አባት ደግሞ ማንም ያላሰበውን ጻፈ፦ «ዛሬ ልጅህን አንድ ነገር ጠየቅኸው?» ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከትምህርት ቤት መልስ ክፍሉን ይዘጋል፣ አባትና ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ ሳምንት ሳይነጋገሩ ያልፋሉ። «በላህ?» የሚለው እንደ ጥያቄ አይቆጠርም ብሎ በራሱ ላይ ሕግ አወጣ። በመጀመሪያው ወር ከሠላሳ ቀን ዘጠኙ ብቻ ነበሩ የሞሉት። ሁለተኛው ወር ላይ አሥራ ስምንት። ልጁ ያውቅ እንደሆነ ጠይቀነው ነበር፤ «ያውቃል፣ አንድ ማታ እኔ ረስቼ ልተኛ ስል በሬን አንኳኩቶ ‹አባ፣ አልጠየቅኸኝም› አለኝ» አለን። ዕድሜውን ሙሉ በሥራ ያሳለፈ፣ ሌሊት የሚጠብቅ፣ ቀን የሚተኛ አባት ነው። ስንቶቻችሁ እንደዚህ ናችሁ?

ስለ ገንዘብም አንድ ቃል። ሁሉም መዝገብ ነጻ አይደለም። ከመካከላችን አንዱ ሌላ ዓይነት ጭኖ ነበር፣ ስሙን አንጠራውም። ለሰባት ቀን ነጻ ነው ብሎ የካርድ ቁጥር ጠየቀ፤ በስምንተኛው ቀን የዓመቱን ዋጋ ከባንክ ወሰደ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ያነበበለት ሰው አልነበረም። የካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ልጅ ሳይጠራ አይሞላ። የሕመማችሁን ስም፣ የመታወቂያችሁን ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነም ይቅርባችሁ። «ቀዩ» ብላችሁ ብትጽፉ ለእናንተ ይበቃል፣ ቀዩ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አሚሻቭ መጀመሪያ በ1950ዎቹ መዓባራ ሆና ነው የተነሣችው፣ ከእኛ በፊት ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ድንኳን። የስሟ ትርጉም «ሕዝቤ ተመለሰ» ነው። ሁሉም ግን አልተመለሰም። ከስምንታችን አንዱ ታላቅ ወንድሙ እስከ ዛሬ ጎንደር ነው፣ ተራውን እየጠበቀ። ይህ ሰው በመዝገቡ ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ሰንበት ከመግባቷ በፊት። ጥያቄውን ልጆቹ አልጻፉለትም፣ ራሱ ነው የጻፈው፦ «ወንድምህን አገኘኸው?» ስልኩ የሚጠይቀው ደውለሃል ወይ ብሎ አይደለም። መስመሩ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ደውሎ ካላገኘው ምልክት አያደርግም፣ «ዘሎ ያለፈ» የሚለውን ምልክትም አይነካም፣ ባዶ ይተወዋል። ባዶ ይታየኝ ይላል። ባለፈው ዓርብ ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ አልገባም። እሑድ ጠዋት ከምኩራብ ሲመለስ ገባለት፤ ወንድሙ ዝናቡ መቆሙን፣ ጤናው ደህና መሆኑን ነገረው። «ደህና ነኝ ሲልህ ምን አልከው?» አልነው። «የትኛውን መድኃኒት በየትኛው ቀን ብዬ ጠየቅሁት» አለን፣ ምልክቱንም እሑድ ላይ አደረገ።